የአፖ ዋንግ-ኦድ ሦስት ነጥቦች

እሺ ወዳጆቼ፣ ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ወሬዬ ስለ ፊሊፒኖች ንቅሳት ነው።

እዚህ ዱባይ አብራኝ የምትሠራ ፊሊፒናዊት አለች። ክንዷ ላይ ሦስት ነጥብ ተነቅሳለች። ሥራ ላይ በረጅም እጅጌ ትሸፍነዋለች፤ እረፍት ስንወጣ ግን እጅጌዋን ጠቅልላ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ታሳያለች። አትፍረዱባት! ነጥቦቹ የአፖ ዋንግ-ኦድ ፊርማ ናቸው።

አፖ ዋንግ-ኦድ በሰሜን ፊሊፒንስ፣ ካሊንጋ ተራሮች ውስጥ፣ ቡስካላን የምትባል መንደር የሚኖሩ፣ መቶ ዓመት ያለፋቸው ነቃሽ ናቸው። ማሽን የለ፣ ምን የለ። የዛፍ እሾህ ዘንግ ላይ ይሰካል፣ ጥላሸት በውኃ ይበጠበጣል፣ ከዚያ በሌላ ዘንግ ጠክ ጠክ ጠክ ነው። ድሮ ጠላት ገድሎ የተመለሰ ጀግና ነበር የሚነቀሰው፤ ሴቶቹ ደግሞ ለውበት። ሙያው ከዘር አይወጣም፤ ባዕድ ከነቀሰ ቁስሉ ያመረቅዛል ይባላል። ስለዚህ ለወንድምና ለእህት ልጅ ልጆች አስተማሩ።

ስፔኖች በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሲመጡ የቪሳያስ፣ ማለትም የመካከለኛው ፊሊፒንስ ደሴቶች ሰው ገላው ሁሉ ንቅሳት ነበር። ክርስትናው ሲገባ እዚያ ጠፋ፣ ስፔን እንደልቧ ያልገዛቻቸው የሰሜን ተራሮች ላይ ግን ቆየ። ኋላ ደግሞ የእስር ቤት ወሮበሎች፣ እነ ሲጌ ሲጌ ስፑትኒክ፣ የቡድናቸው ምልክት አደረጉት። ከዚያ ወዲያማ ወላጅ ታቱ ሲያይ የሚታየው እስረኛ ነው።

የጓደኛዬ እናትም ነጥቦቹን መጀመሪያ ሲያዩ ተቆጥተው ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ2023 ግን አፖ ዋንግ-ኦድ በ106 ዓመታቸው ቮግ ፊሊፒንስ የተባለው የፋሽን መጽሔት ሽፋን ላይ ወጡ። ይኸው፣ እናትየው የልጃቸውን ክንድ ለጎረቤት ማሳየት ጀመሩ!

እኔ እዚህ ጋ ነው የምጠረጥረው። ሰው ንቅሳትን ወደደ ወይስ መጽሔት ያከበራቸውን ሴት? ምክንያቱም የጓደኛዬ ወንድም ማኒላ ሰፈር ውስጥ በማሽን የተነቀሰው ዘንዶ አንገቱ ላይ አለ፤ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ሸሚዙን እስከ ጉሮሮው ይቆልፋል፣ እናቱም ዛሬም «ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ሆነህ አትምጣብኝ» ይሉታል። ያው ቆዳ፣ ያው ጥቁር ቀለም፣ የአንድ እናት ልጆች።

እኛም አገር እኮ አንገታቸውንና ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች አሉ፤ ልጃቸው ታቱ ስትነቀስ ግን ቤቱ ይናወጣል። እስቲ የተነቀሳችሁ ካላችሁ፣ ቤተሰብ ምን እንዳላችሁ በድምፅ ላኩልኝ።