የተሰበረው መፍጫና ውሃ የሚሻገርበት ድልድይ

ሰላም፦ እንኳን ደህና መጣችሁ! ዛሬ ስለ ድልድይ ነው የምናወራው። ውሃ ስለሚሻገርበት ድልድይ።

ዮናስ፦ ውሃማ ከስር ነው የሚሄደው።

ሰላም፦ ይሄኛው ላይ ከላይም ይሄዳል። ግን መጀመሪያ የእማዬን ስጋ መፍጫ ልንገርህ።

ዮናስ፦ በቃ ጀመረች!

ሰላም፦ ይገናኛል እኮ! ያ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰረው፣ ከባዱ። በፋሲካ ዋዜማ ሲሚንቶ ላይ ጣልኩት፤ እግሩ ለሁለት! ልክ እንደ ሸክላ።

ዮናስ፦ ብረቱ?

ሰላም፦ ብረቱ! በያጅ ጋ ወሰድኩት። አገላብጦ አየውና «እህቴ፣ ይሄ ጊዛ ነው፣ አልነካውም» አለኝ። እማዬ እስከ ዛሬ እንግዳ ሲመጣ «ብረት የምትሰብረው ልጄ» ብላ ነው የምታስተዋውቀኝ።

ዮናስ፦ ሃሃሃ! ድልድዩስ?

ሰላም፦ ድልድዩም ጊዛ ነው። ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የሚፈስ ብረት። ከላይ ስትጭነው ይችላል፤ ስትስበው ወይ ስትመታው ይሰነጠቃል።

ዮናስ፦ ወይም ስትጥዪው።

ሰላም፦ ተወኝ! እንግሊዝ አገር፣ ሎንግደን ኦን ተርን የሚባል መንደር ነው። ለጀልባ ቦይ ሲቆፍሩ የቦዩን ውሃ ከነጀልባው በወንዙ ላይ የሚያሻግር የድንጋይ ድልድይ ጀምረው ነበር። በፈረንጆቹ የካቲት 1795 ጎርፍ ጠርጎ ወሰደው። ከዚያ ቶማስ ቴልፎርድ የሚባል መሐንዲስ መጣና በጊዛ ሠራው። 57 ሜትር ገደማ የብረት ገንዳ በለው፣ ሰሌዳው እርስ በርሱ በብሎን የተያያዘ። ብረቱ የመጣው ዊልያም ሬይኖልድስ የሚባል ሰው ኬትሊ ላይ ከነበረው የብረት ማቅለጫ ነው።

ዮናስ፦ እግሩስ?

ሰላም፦ እግሩም ጊዛ!

ዮናስ፦ አደራ፣ አንቺ እንዳትጠጊው።

ሰላም፦ እግር እኮ የሚጫነው ነው እንጂ የሚሳበው አይደለም። ለዚህ ነው የቆመው። ቦዩም በ1797 ተከፈተ። በዚያው ዓመት ቦዩ ዳር፣ ሽሩስበሪ ከተማ ጫፍ፣ የዲዘሪንግተን ተልባ ፋብሪካ ተሠራ።

ዮናስ፦ ተልባ? የምንጠጣው?

ሰላም፦ ፍሬውን አይደለም፣ ግንዱን። ጭረቱን ፈትለው ልብስ ያደርጉታል። የእንፋሎት ሞተሩ ከሰል ይፈልጋል፣ ከሰሉ በጀልባ በቦዩ ይመጣል፣ ቦዩ ደግሞ በዚያ ብረት ላይ ያልፋል። ገባህ?

ዮናስ፦ ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ።

ሰላም፦ ምን አገናኘው! የሚገርመኝ ግን ሕንጻው ነው። ባለቤቶቹ ሊድስ ያለው ፋብሪካቸው በ1796 ተቃጥሎባቸዋል፤ የተልባ ብናኝ እሳት ይወዳል። ስለዚህ ቻርለስ ቤጅ የሚባል ሰውዬ፣ ወይን ነጋዴ ነው ደግሞ፣ ምሰሶውንም አግዳሚውንም በጊዛ አደረገው። በዓለም የመጀመሪያው ሙሉ የብረት አጽም ያለው ሕንጻ!

ዮናስ፦ ቅድም ማይክ ሳይከፈት ድልድዩንም የመጀመሪያው ብለሽኝ ነበር።

ሰላም፦ እሱ... ደርቢ የሚባል ከተማ ላይ እንደሱ ያለ ትንሽ የጊዛ ድልድይ በአንድ ወር ቀድሞታል።

ዮናስ፦ ስለዚህ ሁለተኛ ነው።

ሰላም፦ ትልቁ ግን ይሄ ነው።

ዮናስ፦ ትልቁ ሁለተኛ።

ሰላም፦ እሺ፣ እንለፈው! አሁን ቦዩ የለም፣ በ1944 ተዘግቷል። ብረቱ ግን ሜዳ መሃል ደርቆ ቆሟል። ፋብሪካው በኋላ የገብስ ብቅል ቤት ሆነ፤ ታድሶ በ2022 ለጎብኚ ተከፍቷል።

ዮናስ፦ መፍጫውስ?

ሰላም፦ እግሩን በሽቦ አስረነዋል። የሚፈጨው ግን እማዬ ስትይዘው ብቻ ነው።