ምክንያቱም ይጻፍ
(በ1960ው የጎጃም ገበሬዎች መታሰቢያ ሐውልት ላይ ለመምከር በተጠራ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንደምን ዋላችሁ?

ኮሚቴው እንድናገር የጠየቀኝ ስለ ቦታውና ስለ መዋጮው ነበር። እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ድንጋዩ ላይ ሊቀረጽ ስለታሰበው ጽሑፍ ልናገር። ረቂቁ «ግብር አንከፍልም ብለው ለተነሱ ገበሬዎች» ይላል። በዚህ አልስማማም!

ወላጆቻችን እኮ ግብር ከፍለው ያውቃሉ። የመሬት ግብር ነበረባቸው፣ አስራትም (ከምርቱ አንድ አሥረኛ የሚባለው ግብር) ነበረባቸው። በኅዳር 1960 የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አስራትን የሚያስቀር ነበር። ወረቀቱን ብቻ ላየ ሰው መሻሻል ይመስላል። ታዲያ ምን አስነሳቸው?

መሬቱ ነዋ! ለአዲሱ ግብር ገማች መጥቶ ማሳውን ሊያይ ነው ሲባል ገበሬው የታየው ቀላድ፣ የመሬት መለኪያው ገመድ ነው። ደቡብ መሬት ሲለካ ብዙ ባለመሬት ጭሰኛ ሆኖ መቅረቱን ሰምቷል። ርስቱን ዛሬ ከገመቱ ነገ ይለኩታል፣ ከነገ ወዲያ ይወስዱታል ብሎ ሰጋ። በዚያ ላይ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ መሣሪያ አስመዝግቡ አሉ። ገበሬው ጣሊያንን የወጋበትን ጠመንጃ ማለት ነው!

አባቴ የነገረኝን ላጫውታችሁ። ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ስንቅ ቋጥረው፣ ደብረ ማርቆስ ድረስ በእግራቸው ሄደው አቤት ብለዋል። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ እያደሩ፣ ጠዋት ጠዋት ደጅ ይጠናሉ። ነገ ኑ ይባላሉ። ሲመጡ ባለሥልጣኑ የለም ይባላሉ። ስንቃቸው አለቀ። አንዱ ሽማግሌ ታመሙባቸውና በቃሬዛ ተሸክመዋቸው ተመለሱ። አባቴ ይህን ሲያወራ ድምፁ ይለወጥ ነበር። ከጦርነቱ ይልቅ ያ ደጅ ጥናት ነበር የሚያንገበግበው። እንግዲህ እነዚህን ሰዎች ነው ግብር ጠልተው ሸፈቱ የምንላቸው?

ከዚያስ? ሰሚ ሲያጡ ተነሱ። በክረምቱ፣ ገበሬ ሞፈር በሚጨብጥበት በሐምሌና በነሐሴ፣ ጦር ዘመተባቸው። የገዛ አገራቸው አውሮፕላን መንደራቸውን በቦምብ ደበደበ! ጣሊያን ያደረገውን ስንናገር አናፍርም። የራሳችን መንግሥት ያደረገውን ድንጋይ ላይ ለመጻፍ ለምን እናፍራለን? ማንን ላለማስከፋት ነው?

ደግሞ ተሸንፈው አልቀሩም። ገዥው ተነስተው ወደ ከፋ ተዛወሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ጎጃም መጥተው የዓመታት ውዝፍ ግብር ማሩ። ይህም ይጻፍ።

እኔ የማቀርበው ጽሑፍ ይኸውላችሁ፦ «ርስታቸው እንዳይነካ አቤት ብለው ሰሚ ላጡ፣ በ1960 ዓ.ም. ለተነሱና በጦርና በአውሮፕላን ለተመቱ የጎጃም ገበሬዎች። መንግሥትን አስገድደው ግብሩን አስቀርተዋል።» ድምፅ እንዲሰጥበት እጠይቃለሁ።

የአንድ ሰው ስም ከላይ ይጻፍ የሚለውንም ተዉት። ከብቸናም፣ ከሞጣም፣ ከዳሞትም ስማቸው ሳይነሳ የቀሩ ብዙ ናቸው።

ቦታው መንገድ ዳር ይሁን፤ አጥር ግን አይታጠርበት። መንገደኛ ከአውቶቡስ ወርዶ ቀርቦ ያንብበው። የመዋጮውን ሒሳብ ገንዘብ ያዣችን ያቀርባል።

አመሰግናለሁ።