«ክሎዝድ» የሚለው ስብሰባ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። መኪና ውስጥ ሆኜ ነው የምቀዳው፣ የበር ድምፅ ምናምን ከሰማችሁ ችላ በሉት። 20 ደቂቃ አለኝ።

ባለፈው መጠጥ ማቆሜን ካወራሁ ወዲህ በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝ ብዙ ናችሁ። ጥያቄው አንድ ነው፤ የኤኤን ስብሰባ እንዴት አገኘኸው? ማግኘቱ 5 ደቂቃ ፈጀብኝ። መግባቱ 4 ወር።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ሜሪላንድ። እዚህ ሰፈር ሐበሻ ሳያያችሁ ነዳጅ መቅዳት አይቻልም። ኤኤ፣ ማለትም አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ ጠጪዎች መጠጥ ለማቆም እየተሰበሰቡ የሚረዳዱበት ማኅበር፣ «ሚቲንግ ጋይድ» የሚባል ነፃ አፕ አለው። ያላችሁበትን አይቶ ቅርብ ያለውን ስብሰባ ከላይ ያመጣላችኋል። እኔ ምን አደረግኩ? ወደ ታች ወረድኩ፣ ሩቁን ፍለጋ። ባልቲሞር በኩል፣ 50 ደቂቃ የሚያስነዳ፣ የእድራችን ሰው በስህተት እንኳ የማይደርስበት አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት መረጥኩ። ደረስኩ፣ መኪናዬን አቆምኩ፣ አድራሻውን ላረጋግጥ ስልኬን ሳይ ከስብሰባው ስም ስር «ክሎዝድ» ይላል። ዝግ ነው አልኩና፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ቢራ ገዛሁ። በሳምንቱ ከፍቼ አየሁት፣ አሁንም «ክሎዝድ»። እነዚህ ሰዎች መቼ ነው የሚከፍቱት?

ለካ በእነሱ ቋንቋ «ኦፕን» ማለት ማንም ሰው፣ ቤተሰብም ሆነ ተማሪ፣ ገብቶ ማዳመጥ የሚችልበት ነው። «ክሎዝድ» ማለት ደግሞ መጠጥ ማቆም ለሚፈልግ ሰው ብቻ። ለእኔ ማለት ነው! ለእኔ የተከፈተውን በር ዝግ ነው እያልኩ ስንት ሳምንት ቢራ ገዛሁ።

በመሀል ደግሞ አንድ ሞኝነት ሠርቻለሁ፣ እናንተ እንዳትሠሩት። ስብሰባም ሐኪምም አያስፈልገኝም ብዬ መጠጡን በአንድ ቀን አቆምኩ። በሁለተኛው ቀን እጄ ሲኒ መያዝ አቃተው፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ማታ ግድግዳው ላይ ነገር ሲሄድ አየሁ። ባለቤቴ ድንገተኛ ክፍል ወሰደችኝ። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም እንደሚጥል በሽታ ሊያንቀጠቅጠው፣ ሊያቃዠው፣ ሊገድለውም ይችላል አሉኝ። ስለዚህ በየቀኑ የምትጠጡ፣ ቀድማችሁ ሐኪም አናግሩ። ስብሰባው የትም አይሄድም። እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ ጠበል ግባ ትለኛለች፣ እሱንም እገባለሁ፣ አይጣሉም።

የኤኤ አጀማመር ራሱ ይገርመኛል። 1935 ላይ ቢል የሚባል ኒውዮርካዊ ለሥራ አክረን፣ ኦሃዮ ሄዶ ሥራው ይበላሽበታል። መጠጥ ካቆመ ገና ወራት ነው። ሆቴሉ ውስጥ ቆሞ የባሩ ጫጫታ ይጠራዋል፣ በሌላ በኩል ስልክና የአብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር አለ። ስልኩን መረጠ። ከሰው ወደ ሰው ሲባል ቦብ ከሚባል ጠጪ ሐኪም ጋር ተገናኘ። ቦብ የፈቀደለት 15 ደቂቃ ብቻ ነበር አሉ፣ ለሰዓታት ተቀመጡ። እንግዲህ ያኔ አፕ የለ፣ ምን የለ።

ወደ እኔ ልመለስ። በመጨረሻ ገባሁ። ታጣፊ ወንበሮች፣ ውሃ ውሃ የሚል ቡና፣ 15 የማይሞሉ ሰዎች። መዝገብ የለም፣ ክፍያ የለም፣ መሀል ላይ ቅርጫት ዞሮ ያለው አንድ ሁለት ዶላር ይጥላል። ማኅበር ትዝ አለኝ፣ የእኛ ማኅበር ጠላ ባይኖረው ኖሮ። እኛ ጋ «በሞቴ አንዷን ብቻ» ሳይባል ዝክር ያልቃል እንዴ? ተራዬ ሲደርስ ስሜን ተናገርኩ፣ «አልኮሆሊክ ነኝ» አልኩ። ምንም አልመሰለኝም፤ የፈረንጅ ቃል ነው፣ ጆሮዬን አልነካውም። ስመለስ ሀይዌይ ላይ ድምፄን አውጥቼ በአማርኛ ልበለው አልኩ። «ሰካራም...» ከዚያ ወዲያ አልሄደልኝም። ልጅ ሆነን ድንጋይ የምንወረውርበት የሰፈራችን ሰውዬ ፊቴ ድቅን አለ።

ክረምት ሲገባ በረዶው ባልቲሞር አላስኬድ አለኝና፣ ያው ተሸንፌ፣ ለቤቴ የ8 ደቂቃ መንገድ ያለውን ሞከርኩ። በር ከፈትኩ። ቡናው ጋ የቆመው ሰው ዞር ሲል የማውቀው ሐበሻ ነው፣ ለቅሶ ቤት ስንገናኝ የኖርን። ማን እንደሆነ እዚህም ሌላም ቦታ አልናገርም። ልሸሽ አሰብኩ፣ እግሬ እንቢ አለ። እሱ አየኝና የወረቀት ብርጭቆ አነሳ። «ስኳር ስንት?» አለኝ።

«ሁለት።»

ስብሰባው ካለቀ በኋላ ፓርኪንግ ውስጥ ቆመን በአማርኛ አወራን፣ ብርዱ አፍንጫችንን እየቆረጠው። «እኔ እንኳ ከታመምኩ ቆይቻለሁ» አለኝ። ታመምኩ ነው ያለው፤ እንደ ስኳር፣ እንደ ደም ብዛት። ያን ቃል አላሰብኩትም ነበር። «እኔንም አሞኛል» አልኩት። ወጣልኝ።

በሉ፣ የሱ መኪና መጥቷል፣ መብራት እያበራብኝ ነው። ልግባ።