የጣልነውን ሚግ ማን ይቁጠርልን?

የተከበራችሁ የአየር ኃይል አባቶቻችን፣ እናቶቻችን፣ አብረን ደብረ ዘይት ያደግን ወንድምና እህቶቼ፣ እንኳን ለካራማራ ድል በዓል በሰላም አደረሳችሁ። አዘጋጆቹ "ስለ ጦርነቱ ታሪክ ትንሽ በል" ነው ያሉኝ፣ ግን ካራማራን ለናንተ እኔ ልተርክ? ለቀባሪው አረዱት ይሆንብኛል። ስለዚህ እሱን ትቼ የሆዴን ልናገር፣ የሚከፋው ካለም ምሳ ላይ ይቆጣኝ።

በሐምሌ 1969 ዓ.ም ከሱማሌ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር እነሱ ሚግ-21 እና ሚግ-17 የሚባሉ የሶቪየት ተዋጊ ጀቶች ነበሯቸው። እኛ ጋ ያለው ጥቂት ኤፍ-5ኢ የአሜሪካ ጀት፣ ካራማራ ላይ የተተከለው ራዳር እና እናንተ። ብዙም ሳይቆይ ሰማዩ የኛ ሆነ፣ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ ስንት ጣልን የሚለው ላይ ነው።

አንድ ሠርግ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ሁለት ጋሼዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል፣ አንዳቸው ድሬዳዋ ጸረ አውሮፕላን ተኳሽ የነበሩ፣ ሌላኛው ደግሞ ጀቱ ላይ ሚሳኤል የሚያስሩ ቴክኒሻን። ምግቡ ገና ሳይነሳ ስለ አንድ ሚግ ወሬ ተነሳ። ተኳሹ "እኔ ነኝ የመታሁት፣ ጭሱን እየተፋ ወደ ተራራው ሲወርድ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ" አሉ። ቴክኒሻኑ "ምን ነካህ ሰውዬ፣ ጀቱ ሲመለስ እኮ ያሰርኩት ሚሳኤል የለም፣ ፓይለቱ ከመሰላሉ ወርዶ አቅፎኛል" አሉ። ቀኑ አንድ ነው፣ ሰዓቱም ያው፣ ቦታውም እዚያው ድሬዳዋ አጠገብ። ሙሽሮቹ ገቡ፣ አዳራሹ ሙሉ ቆሞ ያጨበጭባል፣ እነሱ ቁጭ ብለው በሹካ አቅጣጫ እየሳሉ ይከራከራሉ፣ የሙሽራው አጎት መጥቶ ቢለምናቸውም አልሰሙትም። መጨረሻ ላይ ከጎን የነበሩ ሌላ ሽማግሌ "በቃ ሁለት ነዋ የወደቀው!" ብለው ዳኟቸው፣ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ተጨባበጡ።

ሳቃችሁ አይደል፣ ቁጥር ግን እንዲህ ነው የሚወለደው። ሁለቱም አልዋሹም እኮ፣ ያዩትን ነው ያወሩት። ያ ሚግ እያጨሰም ቢሆን ሱማሌዎቹ ጋ ሐርጌሳ ደርሶ አርፎስ ቢሆን? እሱን የሚያውቀው የሐርጌሳ መዝገብ ብቻ ነው። የአየር ውጊያ ሪፖርት የሚጣራው በጠላት ወረቀት ነው የምለው ለዚህ ነው፣ እሱ በዚያ ቀን ስንት አውሮፕላን አስነሳ፣ ስንቱ ተመለሰ፣ የማን ደሞዝ ለሚስቱ ተሰጠ።

ይሄ የኛ ጉድ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 1940 በአንድ ቀን 185 የጀርመን አውሮፕላን ጣልን ብለው ለዓለም ተናገሩ። ከጦርነቱ በኋላ የጀርመኖቹ የኪሳራ መዝገብ ሲታይ 60 አካባቢ ሆኖ ተገኘ። አንዱን ቦምብ ጣይ ሦስት ፓይለት ይተኩስበታል፣ ደመና ውስጥ ሲገባ ሦስቱም "የኔ ነው" ብለው ያስመዘግባሉ። የጀርመኑ ተዋጊ ደግሞ ሙሉ ጋዝ ሰጥቶ ቁልቁል ሲሸሽ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ከኋላ ለሚያየው ያለቀለት ይመስላል፣ እሱ ግን ፈረንሳይ ገብቶ ቡናውን ይጠጣል። ታዲያ እንግሊዝ ቁጥሩ ሲወርድ ቀኑን ማክበር ተወች? እስከዛሬ ታከብራለች። ድሉ በ185ም ድል ነው በ60ም ድል ነው!

ቃኘው ሻለቃ የዘመተበት ኮሪያም እንደዚሁ ነው። አሜሪካኖቹ 792 ሚግ ጣልን አሉ። ሶቪየቶቹ በበኩላቸው ከ1,000 በላይ የጠላት አውሮፕላን መታን ብለው መዝግበዋል፣ ያውም በይፋ እዚያ ጦርነት ውስጥ የሉም፣ ፓይለቶቻቸው የቻይና ልብስ ለብሰው በሬዲዮ በቻይንኛ አውሩ ተብለው ነበር። ሶቪየት ፈርሶ ማህደሩ ሲከፈት የራሳቸው ኪሳራ 335 ሆኖ ወጣ። የቻይናን ብትጨምሩበትም 792 አይሞላም። የአሜሪካኖቹ ወረቀትም ቢሆን ተመትቶ ተመልሶ ሲያርፍ የተከሰከሰውን አንዳንዴ "አደጋ" ብሎ ነው የሚመዘግበው፣ ስለዚህ እሱንም ዝም ብሎ ማመን የለም።

እና የኛስ? የሞቃዲሾ መንግሥት በ1983 ሲፈርስ የእነሱ ወረቀት ስንቱ ተቃጠለ፣ ስንቱ ስኳር ተጠቀለለበት። "ስለዚህ ማጣራት አይቻልም" ይሉኛል። ቆይ እንጂ! እነሱም እኮ ጣልን ይሉ ነበር። የእነሱ ወሬ የሚጣራው በማን ኪሳራ መዝገብ ነው? በኛ! ያ ደግሞ ሞቃዲሾ አይደለም ያለው፣ እዚሁ አገራችን ነው። አንድ ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ ደብዳቤ አምጣ አሉኝ፣ አመጣሁ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ ደብዳቤው ሌላ ክፍል ሄዷል፣ በመጨረሻ "ምን ያደርግልሃል፣ ጀግኖቻችንን ልታሳንስ ነው?" ተባልኩ። እኔ ነኝ የማሳንሰው? አባቷ በምን ቀን የት እንደወደቀ ሳታውቅ አያት የሆነች ሴት ዛሬ እዚህ መሃላችን ተቀምጣለች! ያሳነሳት ማነው፣ እኔ ወይስ የተቆለፈው ሳጥን?

ጄኔራል ለገሠ ተፈራን አስቡ። ሚግ ጥለው፣ በኋላ ራሳቸው ተመትተው ሱማሌ እስር ቤት 11 ዓመት ቆዩ፣ የተለቀቁት በ1980 ሁለቱ መንግሥታት ሲስማሙ ነው። ያን ሁሉ ዓመት የት እንደነበሩ የሚያውቀው የጠላት መዝገብ ነው። ሳይመለሱ የቀሩትም እንደዚያው፣ ጄኔራሉ የጣሉት ስንት እንደሆነ እንኳ ዛሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ይለያያል።

ሌላው፣ የሶቪየት አማካሪዎች እስከ ኅዳር 1970 ሱማሌ ነበሩ፣ ስንት ሚግ እንደሰጡ ሞስኮ ወረቀት አይጠፋም ብዬ አምናለሁ። ያኔ የበረሩ ሱማሌዎችም ካሉ አርጅተዋል፣ ሄዶ ማነጋገር ነው፣ ጠላትነቱ አልፏል። ቀን ስታስተያዩ ደግሞ የኛንና የፈረንጁን አቆጣጠር፣ ጠዋት 4 ሰዓትንና 10 ሰዓትን አታምታቱ። በ1991 ከኤርትራ ጋር በተዋጋንበት ጊዜ የኛ ሱ-27 እና የእነሱ ሚግ-29 ጀቶች የተጋጠሙበትን ነገር ዛሬ አልነካም፣ እሱ የራሱ ቀን ይፈልጋል።

የምለምናችሁ ሎግቡክ ነው፣ በረራ የሚመዘገብበት ደብተር። ቁም ሳጥን ላይ፣ ከአልጋ ስር፣ ያለው ሰው ያምጣ። አልወስድባችሁም፣ እዚያው ፊታችሁ በስልኬ አንስቼ እመልሳለሁ። የጥይት ወጪ ደብተር፣ የጥገና ካርድ፣ ከጀርባው ቀን የተጻፈበት ፎቶም ይጠቅማል። በሩ ጋ ያለችው ልጅ ስልክ ቁጥራችሁን እየመዘገበች ነው፣ ሁለቱ የሠርጉ ጋሼዎችም አዳራሹ ውስጥ ናቸው መሰለኝ፣ እናንተን መጀመሪያ ነው የምመዘግበው፣ ግን ለየብቻ።