የታንካችን አተላ

የተከበራችሁ ባለንብረቶች፣ ነጂዎች፣ ረዳቶች፣ ከገዳማቱ የመጣችሁልን አባቶች፤ እንደምን አደራችሁ!

የተሰጠኝ ርዕስ «ከክረምት በኋላ የጀልባ ሞተር ጥገና» የሚል ነው። ስለ ዘይቱም ስለ ቺንጋውም (የሞተሩ ቀበቶ) እደርስበታለሁ። የመጣሁት ግን ስለ ናፍጣ ልናገር ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? የእኛ ነገር ሥሩ ታንኩ ወለል ላይ ነው።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። በዚህ በጣና ሐይቅ ላይ ጀልባ ዓመታት ነድቻለሁ፤ ወደ ጥገናው የገባሁት ኋላ ነው። ዘጌ፣ ክብራን፣ ደቅ፣ ጎርጎራ ያልሄድኩበት የለም። አንድ ቀን ግን ከሁሉም አይረሳኝም።

ከናርጋ ሥላሴ ስንመለስ ነው። 18 ሰው ጭነናል። ጠዋት ስንሄድ ሐይቁ ረግቶ ነበር፤ ሞተሩም ምንም አላለም። ተሳላሚዎቹ ቅዳሴ አስቀድሰው፣ ጠበል በጀሪካን ሞልተው እስኪወጡ ዘገየን። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። የጣናን የከሰዓት ነፋስ ለእናንተ አልነግራችሁም። መሃል ስንደርስ ማዕበሉ መጣ። ጀልባዋ ትናጥ ጀመር። ያኔ የሞተሩ ድምፅ ወረደ። ታነቀ፣ ተለቀቀ፣ ደግሞ ታነቀ። ከዚያ ጸጥ አለ።

ሞተሯ የጠፋ ጀልባ ፊቷን ወደ ነፋሱ ማዞር አትችልም። ጎኗን ትሰጣለች። ውሃው በጎን እየገባ ጫማችንን አራሰው። አንዲት እናት ሕፃናቸውን በነጠላ ደረታቸው ላይ ጥብቅ አድርገው አሰሩ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ውዳሴ ማርያም መድገም ጀመሩ። ረዳቴ መልህቅ ጣለ። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። መልህቁ ጭቃውን ያዘ። ያተረፈን እሱ ነው።

ፊልትሮውን ፈታሁት። መዳፌ ላይ የወረደው ጥቁር፣ የሚያሟልጭ፣ እንደ ተልባ የሚሳብ ነገር ነው። ሽታው የበሰበሰ ነገር ሽታ ነው። መለወጫ ፊልትሮ አልነበረንም። ያንኑ በናፍጣ አጥቤ መለስኩት፣ አየሩን አስወጣሁ፣ አስነሳሁ። አምስት ደቂቃ ሄዶ ጠፋ። ደግሜ ፈታሁ። ደግሞ ጠፋ። ባሕር ዳር የደረስነው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

በማግስቱ «ኢንጀክተሩን (ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨውን ዕቃ) ያበላሸኸው አንተ ነህ» ተባልኩ። ዋጋው ከደሞዜ ተቆረጠ። አዲስ ኢንጀክተር ተገጠመ። ታንኩን ግን ማንም አልከፈተውም! ወር ሳይሞላ ያቺው ጀልባ ሰው እንደጫነች ቆመች። አሁንም ተጠያቂው ነጂው ሆነ።

ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያለፈ ነገር ቢሆን ኖሮ ባላነሳሁት ነበር። ዛሬም ወደባችን ላይ የሚሠራው እንዲሁ ነው። ሞተር ሲጠፋ ነጂ ይጠየቃል። ያው ነጂ ታንኩ ይታጠብ፣ ፊልትሮ ይገዛ ሲል ግን «ቆይ፣ አሁን እጅ አጥሮናል» ይባላል። ባለንብረቶች፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፤ 18 ነፍስ ለሚጭን ጀልባ አንድ መለዋወጫ ፊልትሮ በዛ? ኢንጀክተር ለመግዛት የሚገኝ ብር ፊልትሮ ላይ ሲደርስ ለምን ይጠፋል?

ሞተሩ ጠዋት ለምን አልጠፋም? የጠላ ጋን አስቡ። አተላው ከሥር ይረጋል፣ ጥሩው ከላይ ይቀዳል። ጋኑን የነቀነቀ ሰው አተላ ይጠጣል። ታንካችንም ያው ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ 840 ግራም ያህል ስለሚመዝን ውሃ ይከብደዋል፤ ከሥሩ ሄዶ ይተኛል። ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ባክቴሪያና ሻጋታ ይራባል። ናፍጣውን እየበላ ያንን ተልባ ይሠራል። ሐይቁ ሲረጋ ዝም ብሎ ይተኛል። ማዕበል ሲነሳ አብሮ ይነሳና መምጠጫው አፍ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ሞተር ከቀን ሁሉ መርጦ በማዕበል ቀን ሲጠፋ «ዕድላችን ነው» አትበሉ። ዕድል አይደለም!

ውሃው ከየት መጣ ትሉኛላችሁ። ክዳኑ ከጠፋ በርሜል፣ ዝናብ ላይ ካደረ ጀሪካን ይመጣል። ደግሞ ጎዶሎ ታንክ ይተነፍሳል። ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ እርጥብ አየር ይስባል፣ ግድግዳው በውስጥ ያልበዋል። ክረምቱን ታስራ የከረመች ጀልባ ሦስት ወር ሙሉ ይህን ስትሠራ ነው የከረመችው። ታንክ ሞልቶ ማቆየት ይረዳል። ናፍጣ በሰልፍ በሚገኝበት ጊዜ ይህ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ።

አሁን ባለፈው በጋ ከልጆቹ ጋር አንዲት ጀልባ ላይ የሠራነውን የናፍጣ ማጣሪያ ላሳያችሁ። ከሞተሩ መስመር ጋር አይገናኝም፤ ራሱን የቻለ ዙር ነው። አንድ ቧንቧ ታንኩ ውስጥ እስከ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። ከወለሉ ጋር እንዳይጣበቅ አፉን በሰያፍ ቆረጥነው። ናፍጣው መጀመሪያ ውሃ የሚለይ ፊልትሮ ውስጥ ይገባል። ትልልቅ የጭነት መኪና ላይ የምታዩት ዓይነት ነው፤ ከታች ውስጡን የሚያሳይ ጽዋ አለው። እሱ 30 ማይክሮንና ከዚያ በላይ የሆነውን ቆሻሻ የሚይዝ ነው። ቀጥሎ ባለ 12 ቮልት ፓምፕ፣ ከፓምፑ በኋላ ደግሞ ባለ 10 ማይክሮን ረቂቅ ፊልትሮ አለ። አንድ ማይክሮን ሚሊ ሜትር ለሺህ ሲከፈል ነው። የሰው ፀጉር ውፍረቱ 70 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። ከዚያ ናፍጣው በታንኩ በሌላኛው ጫፍ ተመልሶ ይገባል።

ፓምፑን ለምን አላስቀደማችሁም ብሎ የጠየቀኝ አለ። ፓምፕ ከቀደመ ውሃውንና ናፍጣውን እንደ እንቁላል ይመታቸዋል። ውሃው ደቅቆ ከናፍጣው ጋር ስለሚቀላቀል ፊልትሮው ለመለየት ይቸገራል። ሌላም ነገር አለ። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ፓምፕ ደግሞ መምጠጥ የሚችለው ይህ አየር እየገፋለት ነው። ስለዚህ መምጠጫውን ሰፊና አጭር አደረግነው፣ ፓምፑንም ዝቅ አድርገን አሰርነው። ቱቦው የነዳጅ ጎማ ይሁን፤ የውሃ ፕላስቲክ ናፍጣ ያደርቀዋል። ዚንክ የተለበጠ ቧንቧም አትጠቀሙ፤ ዚንክና ናፍጣ አይስማሙም።

አንዴ አዙሬዋለሁና ጠራ እንዳትሉ። ታንካችሁ 200 ሊትር ቢይዝ፣ ፓምፑ በደቂቃ 2 ሊትር ቢገፋ፣ በ100 ደቂቃ 200 ሊትር አለፈ ማለት ነው። ግን የተጣራው ካልተጣራው ጋር እየተቀላቀለ ስለሚዞር ከሦስት እጅ አንዱ በላይ ሳያልፍ ይቀራል። እኛ አምስት ዙር እናዞራለን፤ ስምንት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይፈጃል። መጀመሪያ ባዞርን ቀን ጽዋው ውስጥ የወረደውን ውሃ ቀድቼ በሻይ ብርጭቆ አስቀመጥኩት። ከሥር ውሃ፣ መሃል ላይ ጥቁር ክር የመሰለ ሻጋታ፣ ከላይ ቀይ ናፍጣ። የጀልባዋ ባለቤት ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አንስተው ረጅም ሰዓት ዝም ብለው አዩት። ከዚያ «ይህን ነው ሰው ጭኜ ያቃጠልኩት?» አሉ። ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ግድግዳው ላይ የደረቀውን ግን ማዞር አያስለቅቀውም። ታንኩ ተከፍቶ በጨርቅ መጠረግ አለበት። ከሌላ ነገር የተቀላቀለ ናፍጣንም ይህ ሥራ አያድነውም።

ዘይትና ቺንጋ፤ በሰዓቱ ቀይሩ፣ ታውቁታላችሁ። እምቦጭ ካለበት ስትወጡ የማቀዝቀዣውን ውሃ መሳቢያ እዩ።

ከፊልትሮው የሚወርደውን ቆሻሻ ሐይቁ ላይ አትድፉ። ዓሣ የሚያወጡት፣ ልጆች የሚዋኙት፣ እኛም እንጀራ የምንበላው ከዚሁ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። በጀሪካን አጠራቅማችሁ ወደ ዳር አውጡት።

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ስብሰባ ተወስኖ እንዲወጣ እለምናለሁ። በደንባችን ይጻፍ፦ ማንኛውም ሰው የሚጭን ጀልባ ጠዋት ከመነሳቱ በፊት የፊልትሮውን ውሃ ያፍስስ፣ ሁለት መለዋወጫ ፊልትሮ ይያዝ፤ ወጪው የባለንብረቱ ይሁን። ታንኩ ሳይከፈትና ሳይታይ የኢንጀክተር ዋጋ ከነጂ ደሞዝ አይቆረጥ። ይህን የማይፈርም ባለንብረት ካለ እዚሁ፣ በእነዚህ አባቶች ፊት ምክንያቱን ይንገረን!

ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወደቡ ላይ ነኝ። ያቺ ጀልባ እዚያው ታስራለች፣ ፓምፑን አስነስቼ አሳያችኋለሁ። ስትመጡ ከየታንካችሁ ወለል በብርጭቆ ቀድታችሁ ይዛችሁ ኑ።

አመሰግናለሁ።