በግቢ ቆጣሪና በአደባባይ ቻርጀር መካከል

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ እንደ እኔ ከአዲስ አበባ ዳር፣ በለገጣፎ፣ በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በገላን በኩል ለሚኖርና የኤሌክትሪክ መኪና ለሚነዳ ሰው የየወሩ ጥያቄ ነው። መኪናን በቤት ቻርጅ ማድረግ ከጣቢያ ምን ያህል ይረክሳል? ርካሹ ኤሌክትሪክስ የሚደርሰው ለማን ነው?

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ሰዎች ሲወያዩ የምሰማው ንጽጽር ሁልጊዜ ከቤንዚን ጋር ነው። ይህ ንጽጽር ቶሎ ያልቃል። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ ሊትር ቤንዚን ከ120 ብር በላይ ሆኖ ነበር፤ በ100 ኪሎ ሜትር ሰባት ሊትር የምትጠጣ መኪና ለዚያ ርቀት ከ840 ብር በላይ ታስወጣለች ማለት ነው። ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ለዚያው መንገድ ከቆጣሪ 15 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪው ፍጆታችንን የሚለካበት መለኪያ) ገደማ ትወስዳለች፤ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ሒሳብ 10 ብር ነው ብንል እንኳ 150 ብር ነው። ከዚህ በኋላ ስለ ቤንዚን መከራከር አያስፈልግም። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለቱም የኤሌክትሪክ መኪና ባላቸው ጎረቤታሞች መካከል ያለው ልዩነት ነው።

የቤቱን ሒሳብ በምሳሌ ላስረዳ። በከተማችን በብዛት ከሚታዩት ትንንሽ መኪኖች አንዷ የሆነችው ቢዋይዲ ሲጋል፣ ባለትልቁ ባትሪ ዓይነቷ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ትይዛለች። ነገር ግን ባትሪው ባዶ ሆኖ እስኪሞላ ድረስ ቆጣሪው የሚቆጥረው ከዚህ ይበልጣል፤ የቤቱ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ (ኤሲ) በመኪናዋ ውስጥ ባትሪው ወደሚቀበለው ቀጥተኛ (ዲሲ) ሲለወጥ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ የሚሆነው በሙቀት ስለሚባክን 43 ወይም 45 ይደርሳል። በጣቢያ ፈጣን ቻርጀር ይህ ለውጥ የሚከናወነው በማሽኑ ውስጥ ነው፤ ማሽኑ ወደ መኪናዋ ያስገባውን ብቻ ቆጥሮ የሚያስከፍል ከሆነ ብክነቱን የሚሸከመው ባለጣቢያው ነው። ስለዚህ የሁለቱን ቦታዎች የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ጎን ለጎን አስቀምጦ መቀነስ ብቻ ትክክለኛውን ልዩነት አያሳይም።

ሁለተኛው ነገር የታሪፉ እርከን ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ እየጨመረ የሚሄድ ሲሆን፣ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው እርከን እጅግ ርካሽ፣ ከ500 በላይ ያለው ደግሞ ውድ ነው። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶም ታሪፉ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። በወር 150 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት በወር ሺህ ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ሲጨመርበት ፍጆታው እጥፍ ይሆናል፤ ይህም ቤቱን ወደ ላይኛው እርከን ያሻግረዋል። እንግዲህ በቤት ቻርጅ የሚያደርግ ሰው ትክክለኛ ዋጋውን ማወቅ ከፈለገ ከመኪናዋ በፊት የነበረበትን ሳይሆን ከእርሷ ጋር የሚደርስበትን እርከን ይመልከት።

ይህን ከአከራዬ ጋር በተነጋገርን ጊዜ በደንብ ተረዳሁት። የምኖረው በአንድ ግቢ ውስጥ ባለ የኪራይ ቤት ሲሆን ቆጣሪው አንድ ነው፤ ካርድ የሚያስሞሉትም እርሳቸው ናቸው። መኪናዋን ይዤ ስገባ፣ «ልጄ፣ መብራቱን አልከለክልህም፤ ግን በመኪናህ የተነሣ የእኔ ምጣድ አይወደድብኝ» አሉኝ። ንግግራቸው ልክ ነበር። የእንጀራ ምጣድ ከመኪናዬ ተንቀሳቃሽ ቻርጀር የበለጠ ኃይል ይስባል፤ ምጣዱ ሦስት ኪሎዋት ተኩል አካባቢ ሲሆን ቻርጀሩ በአሥር አምፔር ቢሠራ ከሁለት ኪሎዋት ብዙም አይበልጥም። ልዩነቱ ምጣዱ ጋግሮ ሲጠፋ፣ ቻርጀሩ ግን ባዶ ባትሪ ለመሙላት ሃያ ሰዓት ያህል መሥራቱ ነው። ስለዚህ ለመኪናዋ ብቻ የሚሆን ንዑስ ቆጣሪ አስገባን፤ የእርሳቸው የቀድሞ ፍጆታ እንደነበረ ሆኖ፣ በእርከኑ ምክንያት የሚመጣውን ጭማሪ በሙሉ እኔ እንድከፍል ተስማማን።

ሌላው ወጪ በታሪፍ ሠንጠረዥ ላይ የማይገኝ ነው። ቻርጀሩን የሰካንበት የግድግዳ ሶኬት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲነካ ይሞቅ ነበር፤ ከዚያም አንደኛው ቀዳዳ ዳር ዳሩ ቡናማ ሆነ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክም ይሸት ጀመር። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሶኬቱን ነቅሎ ሲያሳየን በስተጀርባ ያለው ቀጭን ሽቦ ልባሱ ደርቆ ይሰነጠቅ ነበር። ከቆጣሪው ሳጥን በቀጥታ የሚመጣ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና እስከዚያ ቀን ድረስ ቤቱ ያልነበረው ግራውንድ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርድ የመከላከያ ሽቦ፣ ተዘረጋ። ብዙ ቻርጀሮች ግራውንድ ከሌለ ቀይ መብራት አብርተው አንሠራም የሚሉት ለሕይወታችን ነውና፣ ያንን ጥበቃ በሽቦ ለማታለል የሚሞክሩ ሰዎችን አጥብቄ እለምናለሁ፤ ተዉት። ባለ ሰባት ኪሎዋት የግድግዳ ቻርጀር የሚሻ ሰው ደግሞ ሠላሳ ሁለት አምፔር የሚችል መስመር ያስፈልገዋል። በእኛ ሰፈር ማታ ሁሉም ሰው ምድጃ ሲያበራ ኃይሉ ስለሚወርድ ቻርጀሩ ራሱን ያቋርጣል፤ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ቀንና ሌሊት ባይለይም፣ እኔ የምሰካው ሰፈሩ ከተኛ በኋላ ነው።

በጣቢያ ያለው ዋጋ የሚወደድበት ምክንያት አለው። ፈጣኑ ማሽን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ ትራንስፎርመር፣ የቦታ ኪራይና ሠራተኛም ይፈልጋል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የከፈተው ዓይነት ጣቢያ፣ በቴሌብር ከፍለው በአጭር ጊዜ የሚወጡበት፣ ለረጅም መንገደኛና ለራይድ ሠራተኛ ትልቅ እፎይታ ነው። ለዳር ከተማ ነዋሪ ግን መንገዱም ዋጋ አለው። ደርሶ መልሱ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ለመሙላት ብቻ ሲባል የባትሪው አንድ አሥረኛ ገደማ መንገድ ላይ ያልቃል። ወረፋም አለ። ከሰማንያ በመቶ በኋላ መሙላቱ ስለሚዘገይ፣ እዚያ ቆሞ መቶ በመቶ መጠበቅ የራስንም የሌላውንም ጊዜ ማባከን ነው።

እንግዲህ ግቢና የራሱ ቆጣሪ ያለው ሰው ርካሹን ኤሌክትሪክ ያገኛል። በኮዬ ፈጬ ወይም በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረው፣ ምናልባትም ዕድሜውን ሙሉ ቆጥቦ መኪናዋን የገዛው፣ በመስኮት ሽቦ ማውረድ ስለማይችል ሁልጊዜ ውዱን ይከፍላል። ይህ ቅር ያሰኘኛል። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ኤሌክትሪካችን ከውኃ የሚመነጭ፣ ለግድቡም ሁሉም ያዋጣለት ነው፤ የፎቅ ነዋሪውም ጭምር።

መፍትሔው ሩቅ አይመስለኝም። የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎች በመኪና ማቆሚያቸው አንድ ባለሦስት ፌዝ ቆጣሪ በጋራ ስም ቢጠይቁ፣ ለእያንዳንዱ መሰኪያ ንዑስ ቆጣሪ ቢያስገቡ፣ ሌሊት በዝግታ የሚሞላ ተራ ቻርጀር ይበቃቸዋል፤ ውድ ፈጣን ማሽን አያስፈልግም። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የሰፈሩ ትራንስፎርመር ጭነቱን መቻሉና ያ የጋራ ቆጣሪ በመኖሪያ ቤት ወይስ በንግድ ታሪፍ እንደሚቆጠር ነው፤ ጥቅሙ በዚህ ላይ ስለሚወሰን ኮሚቴው ማመልከቻውን ሲጽፍ ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ያስቀምጠው።