ቀለሙ በውሃው አይሄድም

ውድ ሰልጣኞች፣ የተከበራችሁ አሰልጣኞች፣ እንደምን አደራችሁ።

ከመጀመሬ በፊት እጅጌዬን ልሰብስብ። ይታያችኋል? ከኋላ የተቀመጣችሁ ላይታያችሁ ይችላል። ስንጨርስ ቀርባችሁ ታዩታላችሁ። ግራ ክንዴ ላይ ሦስት መስመር አለ። ትናንት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ራሴ የረጨሁት ስፕሬይ ታን ነው፤ ቆዳን ፀሐይ እንደመታው ቡናማ የሚያደርግ ርጭት። ፈሳሹ አንድ፣ መርጫው አንድ፣ ቆዳው አንድ። የመጀመሪያውን መስመር ከአንድ ሰዓት በኋላ በውሃ አለቀለቅሁት። ሁለተኛውን ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ሦስተኛውን ከሦስት ሰዓት በኋላ። ትናንት ፎጣ እንዳሳረፍኩባቸው ሦስቱም እምብዛም አይታዩም ነበር። ዛሬ ግን ሦስቱም የየራሳቸው ቡናማ አላቸው። የመጀመሪያው ፈዘዝ ያለ፣ ሁለተኛው መካከለኛ፣ ሦስተኛው ጠቆር ያለ።

ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር ይኸው ክንዴ ላይ ነው ያለው። ስፕሬይ ታን ያደረገች ደንበኛችሁ ከመርጫው ስር ወጥታ መስታወት ውስጥ የምታየው ቀለም፣ ዋናው ቀለም አይደለም። ዋናው ገና መንገድ ላይ ነው። እሱ እስኪመጣ ሰዓቱን የሚያውቅላት ሰው ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ቆዳ ላይ የሚሆነውን እንይ። በፈሳሹ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ዳይሃይድሮክሲአሴቶን ይባላል። እኛ በአጭሩ ዲኤችኤ እንለዋለን። ስሙ ያስፈራል እንጂ ስኳር ነው፤ ሦስት ካርቦን ብቻ ያላት ትንሽ ስኳር። በራሱ ቡናማ አይደለም። ቆዳ ላይ ሲያርፍ ከላይ ካለው የሞተ ሽፋን ይገባና እዚያ ካሉት ፕሮቲኖች አሚኖ አሲዶች ጋር ይያያዛል። ሁለቱ ቀስ እያሉ ሜላኖይዲን የሚባል ቡናማ ነገር ይፈጥራሉ። ዳቦ ሲጋገር ቅርፊቱ ቡናማ የሚሆነው በዚሁ ዓይነት ሂደት ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚል ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 ስለጻፈበት እስከ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል። ቆዳ ላይ ግን እሳት የለም። ያለው የሰውነት ሙቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ቀለሙ በዝግታ ነው የሚበስለው።

ሰዓቱ እንዲህ ነው። ከተረጨ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ መታየት ይጀምራል። ከዚያ እስከ 24 ሰዓት ድረስ እየጠቆረ ይሄዳል። አንዳንድ ፈሳሾች ኤሪትሩሎዝ የሚባል ሌላ ስኳር ስለሚጨመርባቸው ትንሽ ቆይተውም ይለወጣሉ፤ እሱ ከዲኤችኤ ይልቅ ዘገምተኛ ነው። ብዙ ሰው የማይወዳት ያቺ ብስኩት ብስኩት የምትል ሽታም ቀለሙ ከሚበስልበት ከዚሁ ሂደት ነው የምትመጣው። ደንበኛ «ይሄ ምን ሽታ ነው?» ብላ ስትጠይቃችሁ አትደንግጡ። ፈሳሹ እየሠራ ነው በሏት።

ይህ ነገር እንዴት እንደተገኘ ሳስብ ሁሌ ይገርመኛል። ፈልጎ ያገኘው ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ፣ ሲንሲናቲ ውስጥ ኢቫ ዊትገንስታይን የምትባል ተመራማሪ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት በሰውነታቸው ከልክ በላይ የሚከማችባቸውን ሕፃናት ታጠና ነበር። ሕፃናቱ ዲኤችኤ በአፋቸው ይሰጣቸዋል። ሕፃን ደግሞ መድኃኒት ሲሰጡት መትፋቱ፣ ማፍሰሱ አይቀርም። ከሰዓታት በኋላ የፈሰሰባቸው ቦታ ቡናማ ሆኖ ተገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን ጠርጎ ያልፈው ነበር። እሷ ግን ፈሳሹን በራሷ ቆዳ ላይ ቀብታ ሞከረችው። ያው ቡናማ መጣ። ቀለሙ የመጣው ከሰዓታት በኋላ መሆኑን ልብ በሉ። ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ የዚህ ነገር ጠባይ መዘግየት ነው።

ዲኤችኤ ሜላኒንን፣ ቆዳ ራሱ የሚያመርተውን ቀለም፣ አይነካም። ይሄንን በደንብ ያዙልኝ፤ ሁለት ትልልቅ ነገሮች ከዚህ ይመጣሉ። አንደኛው ፀሐይ ነው። የተረጨችው ሴት ፀሐይ የመታት ትምሰል እንጂ ቆዳዋ ምንም መከላከያ አላበጀም። የፀሐይ መከላከያ ክሬም እንደ ወትሮው ያስፈልጋታል። እንዲያውም ዲኤችኤ የተቀባ ቆዳ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የፀሐይ ጨረር ሲያርፍበት ቆዳን የሚጎዳ ነፃ ራዲካል ከወትሮው የበለጠ እንደሚፈጥር በላቦራቶሪ ታይቷል። ስለዚህ ያን ቀን ጥላ ውስጥ ትዋል።

ሁለተኛው ልቤን የሚነካው ነው። ቆዳው ቀለም ማምረት ያቆመ ቦታ ላይም ዲኤችኤ ይሠራል። ቪቲሊጎ ያለበት ሰው ነጭ የሆነበትን ቦታ በዚህ ማጥቆር ይችላል። በሽታውን አያድንም፤ ለጥቂት ቀን ይሸፍነዋል። አንዲት ደንበኛ አለችኝ፣ እጆቿ ላይ ነጫጭ ቦታ ያለባት። በትንሽ ብሩሽ፣ ነጩን ቦታ ብቻ፣ ጠርዙን ሳናልፍ እንቀባለን። መጀመሪያ የሞከርን ቀን ስትወጣ ምንም ለውጥ አልነበረም። «በቃ አልሠራም ማለት ነው» አለችኝ። ነገ ጠዋት ደውዪልኝ አልኳት። በማግስቱ ገና ከእንቅልፌ ሳልነሳ ስልኬ ጮኸ። ምንም አላለችም፤ ትስቅ ነበር። እኔ ይሄን ሙያ የምወደው እንዲህ ላለው ጠዋት ነው።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚህ ጋ ስለሆነ ረጋ ብዬ እነግራችኋለሁ።

አብዛኛው ፈሳሽ ውስጥ ብሮንዘር አለ። ብሮንዘር ወዲያው የሚታይ ቀለም ነው፤ ልክ እንደ ሜካፕ ከላይ የተቀመጠ። የሚጨመርበት ዋና ምክንያት እናንተ የት እንደረጫችሁ፣ የት እንደዘለላችሁ እንድታዩ ነው። ደንበኛዋ መስታወት ውስጥ አይታ የምትወደው እሱን ነው። ከዚያ ሻወር ስር ስትገባ ቡናማ ውሃ እግሯ ስር ይወርዳል። ያን ጊዜ ልቧ ይወርዳል። ከፍዬ የመጣሁት ሁሉ ሄደ ትላለች። የሄደው ግን ብሮንዘሩና ቆዳዋ ላይ የተረፈው ፈሳሽ ነው። የገባው ዲኤችኤ እዚያው ነው። ውሃ አያወጣውም። ሥራውንም ይቀጥላል።

ታዲያ መቼ ነው ውሃ የሚነካት? የሚወስነው ፈሳሹ ነው። ሁለት ዓይነት አለ። የተለመደው ፈሳሽ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ቆዳ ላይ ይቆያል። ማታ ተረጭታ ጠዋት ለቅለቅ ትላለች። ፈጣኑ ፈሳሽ ደግሞ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ብቻ ነው የሚፈልገው። አንድ ሰዓት ከቆየ ፈዘዝ ያለ፣ ሁለት ሰዓት መካከለኛ፣ ሦስት ሰዓት ጠቆር ያለ ይሆናል። ክንዴ ላይ ያለው እሱ ነው። ብዙ በቆየ ቁጥር ብዙ ዲኤችኤ ስለሚገባ ነው። የጠርሙሱን ጽሑፍ ሁልጊዜ አንብቡ፤ ከእኔ ቃል እሱ ይበልጣል።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ፈጣን ማለት ቀለሙ በሦስት ሰዓት ያልቃል ማለት አይደለም። በሦስት ሰዓት መለቅለቅ ትችላለች ማለት ብቻ ነው። ከተለቀለቀች በኋላም ማታውን ሙሉ እየጠቆረ ያድራል። ይህን ያልተነገራት ሴት በሦስተኛው ሰዓት ላይ መስታወት ታያለች፣ ገና ፈዛዛ ይሆንባታል፣ «ትንሽ ልጨምርበት» ብላ ሳትለቀለቅ ትተኛለች። ጠዋት ከፈለገችው በላይ ጠቁራ ትነሳለች። አንሶላው ደግሞ አንገቷ ስርና ብብቷ ስር ላቧን እያሻሸ ዥንጉርጉር አድርጎታል። መስታወት የሚያሳያት ያለፈውን ነው፤ የሚመጣውን የሚያውቀው ሰዓት ነው። ስለዚህ ከእናንተ ጋር ሆና ስልኳ ላይ ማንቂያ ትሙላ። እኔ ሳትሞላ አልሸኝም።

የራሴን ስህተት ልንገራችሁ። ሥራውን እንደጀመርኩ ነው። አንዲት ልጅ ለእህቷ ሠርግ ዋዜማ መጣች። ፈጣኑን ፈሳሽ ረጨኋት። ስትወጣ «ከሦስት ሰዓት በኋላ ታጠቢ» አልኳት። በቃ፣ ይቺን ብቻ። እሷም በሰዓቱ ታጠበች። በሳሙና፣ በስፖንጅ፣ ውሃው ጥርት እስኪል እያሸች። በማግስቱ ጠዋት መጣች። እጇ የደረሰበት ትከሻዋና ደረቷ ፈዟል። ያልደረሰችበት ጀርባዋ መካከል ላይ ጠቁሯል። ክንዷ ላይ ስፖንጁ የሄደበት መንገድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በዚያ ሰዓት ልናስተካክለው አልቻልንም። ረጅም እጅጌ ለብሳ ነው ሠርጉ ላይ የቆመችው። ልጅቷ ያልኳትን ነው ያደረገችው። ስህተቱ የእኔ ነው፤ አንድ ቃል ነው። «ታጠቢ» ሳይሆን «ለቅለቅ በይ» ማለት ነበረብኝ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ከዚያ ወዲህ «ታጠቢ» የሚለው ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። እናንተም አታውጡት።

ለቅለቅ ማለት እንዲህ ነው። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፣ ትኩስ አይሁን። ሳሙና የለም፣ ሻወር ጄል የለም፣ ስፖንጅ የለም። ውሃው ራሱ ይውረድ፣ እጇ ቢረዳ ቀስ ብሎ ይንሸራተት እንጂ አያሽ። አንድ ደቂቃ ገደማ ይበቃል። የሚወርደው ውሃ ሲጠራ ትውጣ። ከዚያ ፎጣውን ቆዳዋ ላይ ጫን እያደረገች ታድርቅ፣ አትፈትግ። ፀጉሯን የምትታጠብ ከሆነ የሻምፑው አረፋ በጀርባዋ እንዳይወርድ አጎንብሳ ትታጠብ፤ ወይም ከመረጨቷ በፊት ታጥባው ትምጣ። ከዚያ በኋላ ሳሙና እስኪነካት 24 ሰዓት ይሙላ።

ከመለቅለቋ በፊት ያለው ጊዜ ደግሞ የጠብታ ጊዜ ነው። ዕንባ፣ ዝናብ፣ ላብ፣ ዕቃ ማጠብ፣ ሁሉም መስመር ይተዋል። ጠብ ካለባት ወዲያው በጨርቅ ጫን ብላ ታድርቀው፤ ካበሰችው ይለጠጣል። ሰፋ ያለ፣ ጠቆር ያለ ልብስ ትልበስ። ጡት መያዣ ባታደርግ ይሻላል። ጠባብ ካልሲ ደግሞ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቀለበት ይሠራል።

የእጅ መዳፍ፣ ክርን፣ ጉልበትና ተረከዝ ላይ የሞተው ሽፋን ወፍራም ስለሆነ ዲኤችኤ እዚያ ብዙ የሚይዘው ያገኛል፣ ይጠቁራል። ባሪየር ክሬም፣ ፈሳሹ ብዙ እንዳይገባ የሚከለክል ክሬም፣ የምንቀባው ለዚህ ነው። መዳፏን እንደጨረሳችሁ በእርጥብ ሶፍት ጥረጉላት፣ በጣቶቿ መካከልም።

ስለ ዝግጅቱ በአሰልጣኞቻችሁ በደንብ ተምራችኋልና አልደግመውም። ስክራቡም ፀጉር ማንሳቱም ከ24 ሰዓት በፊት ይለቅ። ሎሽንና ዲዮድራንት ሳትቀባ ትምጣ። አዲስ ደንበኛ ከሆነች ከአንድ ቀን በፊት ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሩላት። አንዱን ግን አጥብቄ አደራ እላለሁ፤ ዓይኗን፣ ከንፈሯንና አፍንጫዋን ሸፍኑ። ዲኤችኤ በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን የተፈቀደው ለውጪ ቆዳ ብቻ ነው። ለሚተነፈስ አልተፈቀደም፣ ለከንፈርና ለዓይን አካባቢም አልተፈቀደም። እናንተም ቀኑን ሙሉ እዚያ ጭጋግ ውስጥ ናችሁና ጭንብላችሁን አታውልቁ። አየር ማስወጫው ካልሠራ ሥራ አትጀምሩ።

ከ24 ሰዓት በኋላ ቀለሙ በስሎ አልቋል። ከዚህ በኋላ ያለው ማቆየት ነው። የተያዘው የሞተ ሽፋን ስለሆነ፣ ሽፋኑ በየቀኑ ሲረግፍ ቀለሙም አብሮት ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን፣ በደንብ ለያዘችው እስከ 10 ቀን ይቆያል። ሎሽን በየቀኑ ብትቀባ እኩል ይደበዝዛል። ረጅም የሙቅ ውሃ መታጠቢያ፣ ክሎሪን ያለበት መዋኛ፣ ስክራብ፣ ሬቲኖልና አሲድ ያላቸው የፊት ክሬሞች ቶሎ ያነሱታል። ይህንንም በቃል ብቻ አትንገሯት። ቤቷ ስትገባ ግማሹን ትረሳዋለች። ትንሽ ወረቀት ላይ፣ የምትለቀለቅበትን ሰዓት በቁጥር ጽፋችሁ ስጧት።

በሉ፣ ክንዴን ቀርባችሁ እዩት። መስኮቱ ጋ እቆማለሁ፤ እዚህ ያለው አምፖል ቀለሙን ቢጫ ያደርገዋል። ሦስተኛው መስመር ጫፍ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ታያላችሁ። ትናንት ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ሻይ ሳፈላ የረጠበችኝ ጠብታ ናት።